የወርቅነሽን ደም ደግመን የመረመርን ጊዜ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የሚዛን ገበያ ሰው «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ነርስ ሆኜ አላውቅም። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር፣ የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር በሚባልበት ከተማ የላቦራቶሪ ሠራተኛ የራሱ መጠሪያ የለውም። በቀደም ሙዝ የምገዛት ሴትዮ «ሲስተር፣ ያን ሁሉ ዓመት ግን ምን ስትሠሪ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደም ስመረምር።»

«ወባ?»

«ወባም ነበር» ብዬ አለፍኳት።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ መልሴ ከነከነኝ። እውነት ነው፣ ወባ የሥራዬን አብዛኛውን ጊዜ ወስዷል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝም፣ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝም ግን እሱ አልነበረም።

የተወለድኩት ሸዋ ቤንች አጠገብ ነው። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ስለሆነ ዛሬም ስናደድ የሚቀድመኝ ቤንችኛ ነው። ስሜ አስቴር ይባላል። ተምሬ እንደወጣሁ የተመደብኩት ቴፒ ጤና ጣቢያ ነበር። ደሞዙ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ነበር፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ስል ላቤ መስታወቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስሬ እሠራ ነበር። የመጀመሪያ አለቃዬ ጋሽ ደመቀ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ወባ የለም ያልኩትን የደም ስላይድ ምንም ሳይናገሩ አንስተው ራሳቸው ያዩታል፤ ካገኙበት መልሰው እፊቴ ያስቀምጡታል። አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ ያ ስላይድ ተመልሶ ሲመጣ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር። ከቴፒ ወደ ሸዋ ቤንች ተዛወርኩ፤ የዝውውር ወረቀቴ እኔ ከደረስኩ በኋላ ነው የደረሰው። በመጨረሻ ሚዛን መጣሁና ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለምርምር የተቋቋመች አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ገባሁ። ዶክተር የሺን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ዶክተር የሺ ባዮኬሚስት ናቸው። ያደጉት ሰሜን ነው፤ ለማስተማር ሚዛን መጥተው በዚያው ቀሩ። ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። በዚህ የቡና አገር ውስጥ ጠዋት ቡና የማይጠጡ የማውቃቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እጄን ያንቀጠቅጠዋል ብለው ፒፔት የሚሉትን የፈሳሽ መለኪያ ቱቦ ከመያዛቸው በፊት ሙቅ ውኃ ብቻ ይጠጣሉ። መጀመሪያ ላይ የጎረቤት ሴቶች ተቀይመዋቸው ነበር። ኋላ ግን ከሰዓት በኋላ ሥራ ጨርሰው ሲመጡ ሦስቱንም ስኒ እንደሚጠጡ ሲያዩ ይቅር አሏቸው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ ፍተሻ ከመጀመራችን በፊት ፍተሻው ምን እንደሚጠይቅ በአጭር፣ በተራ አማርኛ ንገሪኝ ይሉኛል። የእንግሊዝኛ ስሙን ብጠራላቸው አይቀበሉኝም። «ሙዝ ለምትሸጥልሽ ሴት እንደምትነግሪያት ንገሪኝ» ይላሉ። መናገር ካቃተኝ ሥራው አይጀመርም።

በዚያ ጊዜ ከቴፒና ከሸኮ በኩል የእርሻ ሠራተኞች በተደጋጋሚ እየታመሙ ይመጡ ነበር። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ዓይናቸው ይፈዛል፣ ያልባቸዋል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ወባ ነው እየተባለ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ደማቸውን ሳየው ግን ወባ የለም። ዶክተር የሺ የጠረጠሩት ቡናና ብርቱካን በሚተክለው አንድ የግል እርሻ የሚረጨውን የተባይ መርዝ ነበር።

ነገሩን እሳቸው እንዳስለመዱኝ ልናገረው። ነርቭ ጡንቻን ሊያዝዝ ሲፈልግ አንድ ኬሚካል ይለቅበታል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ኬሚካሉ ቶሎ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ጡንቻው ማረፊያ አጥቶ ይንቀጠቀጥና በመጨረሻ ይዝላል። ይህን ኬሚካል እየሰባበረ የሚያጠፋ ኢንዛይም በሰውነታችን አለ፤ አሴቲልኮሊንኢስተሬዝ ይባላል። አንዳንዱ የተባይ መርዝ ነፍሳቱን የሚገድለው ይህን ኢንዛይም አስሮ ነው። የሰውንም አይምርም። ደግነቱ ኢንዛይሙ በቀይ የደም ሴል ላይም ስለሚገኝ ከክንድ በተቀዳ ጥቂት ደም መፈለግ ይቻላል።

የምንፈልገው በአንቲቦዲ ነበር። ስሙን ሰው የለመደው በኮሮና ጊዜ ነው። ጥንቸል ወይም አይጥ የሰው ኢንዛይም ሲወጋ ሰውነቱ ያንን ባዕድ ነገር ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያመርታል። ያ ተጣርቶ በትንሽ ብልቃጥ ከውጭ አገር ይመጣልናል። ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በቦንጋ አድርጎ በበረዶ ሣጥን ሲደርስ ዶክተር የሺ ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱት። በረዶው ብልቃጡን ነክቶት እንደሆነ በጣታቸው ያያሉ። ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከመጠን ያለፈ ብርድም ያበላሸዋል።

ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ አለን፤ ፕሌት እንለዋለን። በየጉድጓዱ ግርጌ አንቲቦዲውን እናጣብቃለን። ከዚያ ሴሎቹን በፈሳሽ ያፈረስነውን ደም እንጨምርበታለን፤ አንቲቦዲው ኢንዛይሙን ብቻ ይዞ ያስቀራል፣ የቀረውን አጥበን እንደፋለን። በመጨረሻ ቀለም የሚያወጣ ሁለተኛ አንቲቦዲ እንጨምራለን። ኢንዛይም ካለ ጉድጓዱ ሰማያዊ ይሆናል። ዋናው ሙያ እጥበቱ ላይ ነው። ዶክተር የሺ ፕሌቱን ገልብጠው በታጠፈ ሻሽ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉታል፤ ድምፁ እስኪደርቅ ድረስ አይተዉትም። እኔ ስሠራም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በጆሯቸው ይከታተሉኛል። «ገና ነው፣ አስቴር፤ ውኃ አለበት» ይሉኛል። ሁልጊዜም ውኃ አለበት።

አንቲቦዲውን የላኩልን ሰዎች መርዝ ያሰረው ኢንዛይም ቅርጹ ስለሚለወጥ አንቲቦዲያቸው እንደማይዘው ነግረውን ነበር። ስለዚህ የተመረዘ ሰው ደም ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ የጤነኛው ሰማያዊ ይሆናል ማለት ነው። ዶክተር የሺ ይህን ራሳችን እናረጋግጥ ብለው የመርዙን ንጹሕ ኬሚካል አዝዘው ነበር፤ ኬሚካሉ ዘገየ። የመርጨት ወቅት ደረሰ፣ እርሻውም ውጤቱን አምጡ አለ። ከሠራተኞቹ ከቀዳነው ደም ያገኘነውን ውጤት ሰጠን። ሁሉም ሰማያዊ ነበር።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደም እንድንቀዳ የፈቀዱልን ራሳቸው ናቸው። ውጤቱን ሲሰሙ እፎይ አሉና ሠራተኛውን ሰብስበው «ላቦራቶሪ ጤነኛ ናችሁ ብሏል» አሏቸው። ከሠራተኞቹ መካከል ወርቅነሽ የምትባል የሸኮ ሴት ነበረች። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ለቡና ችግኝ በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ትሞላለች። የምትሠራበት መጠለያ የመርዝ በርሜሎቹ የሚቀመጡበት ነው፤ ምሳዋንም እዚያው ትበላለች። አመመኝ ብላ ስትናገር ከማንም ይልቅ የምትጮኸው እሷ ነበረች። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ካቦው ሥራ ጠልታ ነው የምታስመስለው ብሎ አሰናበታት። ይህን እኛ የሰማነው ቆይተን ነው።

ዝናቡ ሲጀምር ማቴዎስ የሚባል መርዝ ረጪ በአይሱዙ ኋላ ተጭኖ ከቴፒ በኩል መጣ። አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ልብሱ በላብ ርሷል፣ ጡንቻው ከቆዳው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቁትና የመርዙን ማርከሻ አትሮፒን እየደጋገሙ ሰጡት። መርጫው ጀርባው ላይ ፈስሶበት ነበር። ነርሶቹ ልብሱን ቀድደው ገላውን በሳሙና ሲያጥቡት ዶክተር የሺ ከክንዱ ደም ቀድተው ወደ እኔ መጡ።

ከጤነኛ ደም ጋር ጎን ለጎን ሠራነው። በጣም ተጠንቅቄ አጠብኩ። ቀለሙን ስንጨምር የማቴዎስ ጉድጓድ ሰማያዊ ሆነ። እንደ ጤነኛው እኩል ሰማያዊ ሆነ።

«ተሳስቼ ይሆናል፣ ልድገመው» አልኩ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ያው ነው። ዶክተር የሺ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በመስኮቱ በኩል የማቴዎስ ሚስት ስታለቅስ ይሰማን ነበር።

«አስቴር፣ ይሄ ፍተሻ ምንድነው የሚጠይቀው?» አሉኝ።

«ኢንዛይሙ አለ ወይ ነው የሚጠይቀው።»

«አለ ብሎናል። ዋሸ?»

«አልዋሸም፤ አለ» አልኩና ነገሩ ገና ያን ጊዜ ገባኝ። «ታስሯል እንጂ አለ።»

«የታሰረውንም ይይዘዋል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ጋዋናቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት። «ያን ሁሉ ሰው ጤነኛ ነው ብለን ሸኘነው።»

በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከበደ ቀን አላስታውስም። በማግስቱ ማቴዎስ ነቅቶ ውኃ ጠየቀ፤ ውኃ ጠየቀ ሲሉን ሁለታችንም ኮሪደሩ ላይ ተቃቀፍን። ዘግይቶብን የነበረውም ኬሚካል በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ደረሰ። የራሴን ደም ቀድተን ግማሹን ከኬሚካሉ ጋር ቀላቀልነው፤ ግማሹን ባዶውን ተውነው። ሁለቱም እኩል ሰማያዊ ሆኑ። ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም።

ኢንዛይሙ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳይ ሌላ ፍተሻ እንዳለ እናውቅ ነበር። ኢንዛይሙ የሚሰባብረውን ምግብ ይሰጡታል፤ ከሰባበረው ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ያን ያልሠራነው የደሙ ቅላት ቢጫውን እየሸፈነ ስላስቸገረን ነው። ዶክተር የሺ አንድ ቀን ሙሉ ከፕሌቱ ጋር ተፋጠው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ቡናቸውን ሳይጠጡ ተመልሰው መጡ።

«አንቲቦዲውን ለምን እንጥለዋለን?» አሉ። «ኢንዛይሙን እየያዘልን ነው። እሱ ይዞ ያቆየው፣ ቅላቱን እኛ እናጥበዋለን። ከዚያ እዚያው ባለበት እናበላዋለን።»

አደረግነው። የእኔ ባዶ ደም ቀስ እያለ እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆነ። ኬሚካል የገባበት ደግሞ ውኃ መስሎ ቀረ። የማቴዎስም ውኃ መስሎ ቀረ። ዶክተር የሺ ሳቁ፤ በዚያ ሰሞን ሲስቁ ያየኋቸው ገና ያን ጊዜ ነው። አንዱን ፕሌት በሁለት መንገድ ማየት ጀመርን። ሰማያዊው አለ ወይ ይለናል፣ ቢጫው ይሠራል ወይ ይለናል።

ቀሪው ሥራ ወደ ሰዎቹ መመለስ ነበር። የመጀመሪያው ደማቸው በፍተሻ አልቋል። እርሻው ውስጥ ያሉትን አቶ ግርማ ራሳቸው ከማቴዎስ አደጋ በኋላ ፈርተው ጠሩን። ወርቅነሽ ግን እዚያ አልነበረችም። እስከ ሸኮ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄደን ቤቷ ደረስን። ደጇ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። አልተነሳችም።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ?» አለች።

«ደምሽን እንደገና ልናይ ነው የመጣነው» አልኳት።

«አይታችሁታል። ውሸታም ናት ብላችኋል።»

«እኛ ውሸታም አላልንሽም።»

«ጤነኛ ናት አላችሁ። ካቦው ቀሪውን ጨመረበት።» በቆሎውን ቁልቁል ወረወረችው። «ሲስተር፣ ባሌ እንኳ ያየኝ የነበረው እንደ ሰነፍ ነው። ላቦራቶሪ ጤነኛ ያላትን ሴት ማን ያምናታል?»

ዶክተር የሺ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሬት ላይ ከጎኗ ተቀመጡ።

«ልክ ነሽ። ፍተሻው የሰጠን መልስ ላንቺ በሽታ የሚሆን አልነበረም፤ ያመንነው ደግሞ እኛ ነን። አሁን ሌላ አለን።»

«እሱስ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«እውነቱን ልንገርሽ። ከእርሻው ከወጣሽ ሰንብተሻል። ሰውነትሽ አዲስ ደም እየሠራ ነው፣ መርዙ ያሰረው ኢንዛይም እየተተካ ነው። ምንም ላናገኝ እንችላለን።»

«ካላገኛችሁስ?»

«አላገኘንም እንልሻለን። አላመመሽም ግን አንልም።»

ወርቅነሽ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ውጤቱን መጀመሪያ ለኔ ነው የምትነግሩት» አለች። «ለካቦም፣ ለግርማም፣ ለባሌም አይደለም። ለኔ።»

ያን ፕሌት ስሠራ መብራት ይጠፋል ብዬ ስሰጋ ዋልኩ፤ ደግነቱ አልጠፋም። የወርቅነሽ ጉድጓድ ቢጫ ሆነ፣ ግን ፈዛዛ ቢጫ፣ ለማነጻጸሪያ ከሚዛን ገበያ ሰዎች ከቀዳነው ጤነኛ ደም በጣም ያነሰ። ሰማያዊው ግን ሙሉ ነበር። ኢንዛይሟ አለ፣ ብዙው ግን አይሠራም። ዶክተር የሺ አሁንም አልቸኮሉም። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል ብለው ጥቂት ጊዜ ጠብቀን ደግመን ቀዳናት። ቢጫው ጨምሮ ነበር። በተፈጥሮዋ ዝቅ ያለች ብትሆን ኖሮ ባለበት ይቆም ነበር። እየጨመረ ከሄደ ግን ተመርዛ ነበር፣ እየዳነች ነው።

ሸኮ ሄደን መጀመሪያ ለእሷ ነገርናት። ሰምታ ባሏን ከጓሮ ጠራችው። «አሁን ንገሩት» አለችን። ነገርነው። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ እያዞረ ቆመ፤ ስንወጣ ግን ሞተሩ ዘንድ ድረስ ሙዝ ተሸክሞ ሸኘን።

እርሻው ውስጥ በዚያው መጠለያ ሥር ሠራተኛው ተሰበሰበ። የብዙዎቹ ደም ፈዛዛ ነበር። ዶክተር የሺ ቆመው ያለፈው ውጤት ትክክል እንዳልነበረ፣ እነማን ምን እንደሚያስፈልጋቸው በዚያች ዝቅተኛ ድምፃቸው ተናገሩ። ኋላ ያሉት ስላልሰሙ ማቴዎስ ጮክ ብሎ ደገመላቸው። አቶ ግርማ ተራ ሲደርሳቸው መሬት መሬት እያዩ «እኔ ደስ ያለኝን ነገር ቶሎ አመንኩ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ወርቅነሽ ትመለስ» አሉ።

ከእኛ ጋር የመጣችው ወርቅነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። «እመለሳለሁ። በርሜሎቹ ግን መጀመሪያ ይውጡ።»

አንዳንዱ ሳቀ። አቶ ግርማ ግን አልሳቁም። በርሜሎቹ ከመጠለያው ወጡ፣ ከወንዝ ራቅ ያለ ቤት ተሠራላቸው። ለረጪዎቹ ጓንትና ልብስ፣ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና መጣ። መጀመሪያ ላይ ልብሱ ይሞቃል ብለው እያወለቁ ይጥሉት ነበር፤ ማቴዎስ ነው እየዞረ የሚያለብሳቸው። መርጨት ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ደማቸውን እንድናይ ተስማማን። ቢጫው የቀነሰበት ሰው እስኪያገግም ሌላ ሥራ ላይ ይቆያል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም፤ በየገበያው ስሙ የማይታወቅ መርዝ አሁንም ይሸጣል። ዛሬ ግን ከሌሎች እርሻዎችም ደም ይመጣል። ዶክተር የሺ ያሠለጠኗቸው ሁለት ሴት ልጆች ፕሌቱን ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ሰምቻለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ያደርቁታል።

ጡረታ ልወጣ ስል የመጨረሻውን የእርሻውን ፕሌት የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ወደ ሥራዋ የተመለሰችው ወርቅነሽም ደም ሰጥታ ነበር፤ ለሌላ ጉዳይ ሚዛን መጥታ ስለነበር ጎራ አለች። ረጅሙን ዳገት በእግሯ ነው የወጣችው፤ ባጃጅ አልያዘችም። ጋዋን አለበስኳትና ቢጫው ሲወጣ አብራኝ ቆመች። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ ከዳር ጀምሮ አንዱ ጉድጓድ ሌላውን እየተከተለ ይቀልማል።

ጎንበስ ብላ በጣም ቀርባ አየችው።

«የትኛው ነው የኔ?»

«አንቺው ፈልጊው።»

አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ቢጫው ሁሉ እኩል ደምቆ ነበር። ቀና ብላ ሳቀችብኝ።

«አይለይም እኮ።»

«አዎ» አልኳት። «አይለይም።»